ባለ ገመዱና አራቱ ሴራሚኮች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከበሩ አጠገብ ያላችሁም ወደ ውስጥ ግቡና ተቀመጡ። ዛሬ የማወራችሁ የቁጥር ነገር ነው። ቁጥር የሚያስፈራው ካለ አይፍራ፤ እስከ አራት መቁጠር የቻለ ሁሉ ይገባዋል።

በአንድ ከተማ ዳር አንድ መሬት ለኪ አዛውንት ነበሩ። ገመዳቸው ከትከሻቸው ስለማይለይ ሰው ሁሉ «ባለ ገመዱ» ይላቸዋል። ገመዱ በየክንዱ ቋጠሮ አለው፤ ክንዱም የራሳቸው ክንድ ነው፣ ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ። አጥር ሲታጠር፣ ወንድማማች ሲካፈል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሀብታም ነው ብለው ጨምረው፣ ድሃ ነው ብለው ቀንሰው አያውቁም። «የእኔ ገመድ ዘመድ የለውም» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነበር።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ ከገዛ እህታቸው ጋር በመሬት የተቀያየሙት።

አባታቸው ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው ሁለት መሬት ትተው፣ «እኩል ተካፈሉ» ብለው ነበር። አንዱ ከመንገዱ በላይ ያለው፣ ዛፍ የሞላበት፣ ባለ ገመዱ የሚወዱት ብርቱካንም ያለበት ነው፤ እሱን ቀያሽ መጥቶ በሜትር ለክቶት ነበር። ሌላው ከመንገዱ በታች ያለው ሜዳ ነው፤ እሱን ባለ ገመዱ ራሳቸው በክንድ ለኩት። ከዚያ አሰሉና «ሁለቱም ሦስት ሦስት ሺህ ካሬ ሜትር ነው» አሉ። ቤታቸው ላይኛው ላይ ስለሆነ ላይኛውን ወሰዱ፤ ታናሽ እህታቸው ታችኛውን ወሰደች።

እህት ግን ሜዳዋን ስትዞር ከረመችና፣ «ወንድምዓለም፣ አትቆጣኝና የእኔ ያነሰ ይመስለኛል» አለች።

ባለ ገመዱ ይህቺን ቃል እንደ ጥፊ ቆጠሯት። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጡም። እሑድ ጎረቤት ባለበት በመንገዱ ዳር የወሰን ድንጋይ በሲሚንቶ ሊተከል ቀጠሮ ተይዟል። ድንጋዩ ከተተከለ በኋላማ ቂሙም አብሮ ተተከለ ማለት ነው።

ዓርብ ከሰዓት ነው። ባለ ገመዱ ከሥራ ሲመለሱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ካገኙት በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ለካ በረንዳው የካርታ ቢሮው ነው! የእህታቸው ልጅ ደግሞ እዚያው በኮምፒውተር ካርታ ትሠራለች። በመስኮት አየቻቸውና ሮጣ ወጣች።

«አጎቴ! እዚህ ቆመው ይበሰብሳሉ እንዴ? ይግቡ እንጂ!»

«ተዪኝ ልጄ፣ ገመዴ ወለልሽን ያረጥባል።»

«ወለሉ ከዚህ የባሰ አይቷል። ይግቡ።»

ገቡ። ገመዱን ከወንበር ጀርባ ላይ አንጠልጥላ አስቀመጠቻቸው። እሳቸው የኮምፒውተሩን ስክሪን በጎሪጥ አዩት።

«ይሄ ነው ገመዴን ሥራ ሊያስፈታ የመጣው?»

«ገመድዎን ሊያግዝ የመጣ ነው።»

«እንዴታ! አምና የአንዱን ማሳ ስፋት ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ምናምን ነው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰውዬው መሬቴን ማን ሰረቀኝ ብሎ ሊያብድ ነበር አሉ።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። «እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት። ከሳተላይት የመጣው ነጥብ በማዕዘን መለኪያ፣ በዲግሪ ነበር፤ ወደ ሜትር ሳልቀይር አስላው አልኩት።»

«ዲግሪ ያለው ሰው እንጂ ዲግሪ ያለው መሬት ሰምቼም አላውቅ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ባለ ገመዱ ሰው ማየት ያውቃሉና፣ «ምን ሆነሻል? የያዝሽው ነገር አለ» አሉ።

«አለ፤ ግን ይቀየሙኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ከእናትሽ በላይ የምታስቀይሚኝ አይመስለኝም። ተናገሪ።»

«ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ሜዳውን በጂፒኤስ ዞርኩት። አንድ ሺህ አምስት መቶ ካሬ ሜትር ነው፤ ከእርስዎ ድርሻ ግማሽ።»

ባለ ገመዱ ብድግ ብለው ገመዳቸውን ይዘው ወደ በሩ አመሩ። «ለእናትሽ አደላሽ! በእኔ ገመድ ያልተባለ ነገር በልጅ አፍ ተባለ! ጎኑ መቶ ክንድ፣ ወርዱ ስልሳ ክንድ ነው፤ በእጄ ነው የለካሁት!»

«ልክ ነው አጎቴ። ኮምፒውተሩም መቶ በስልሳ ነው የሚለው፤ ገመድዎ አንዲት ጣት እንኳ አልዋሸም።»

ይህን ሲሰሙ እግራቸው ከበሩ ላይ ቀረ። «ገመዴ ካልዋሸ ማን ዋሸ?»

«ቁጭ ይበሉና አብረን እንፈልገው። መቶ በስልሳ ሲባዛ?»

«ስድስት ሺህ። እኔ ሁለት ክንዴ አንድ ሜትር ነው፤ በልብስ ሰፊ ሜትር አስተያይቼዋለሁ። ስለዚህ ስድስት ሺውን ለሁለት ከፈልኩት፣ ሦስት ሺህ መጣ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

ልጅቷ ወደ ወለሉ አመለከተች። ወለሉ አራት ማዕዘን ሴራሚክ ነበር። «እጅጌዎን ይሰብስቡና ክንድዎን እዚህ ሴራሚክ ላይ ያድርጉልኝ» አለች።

«ዛሬስ ልታጫውቺኝ ነው» እያሉ ተንበረከኩ። ክንዳቸውን ቢያጋድሙት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ልክክ አለ። ተገረሙ፤ «ሴራሚክ ሠሪው ዘመዴ ነው እንዴ?» አሉ።

ልጅቷ ጠመኔ አምጥታ ወለሉ ላይ ጎኑም አንድ ሜትር፣ ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አሰመረች። «ይሄ አንድ ካሬ ሜትር ነው። ውስጡ ስንት ሴራሚክ ገባ?»

ባለ ገመዱ ጠጋ አሉ። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ በወዲያ በኩል ዞረው ደግመው ቆጠሩ። ሁለት ይሆናል ሲሉ አራት ሆነ።

እኛ ብንሆን፣ እናንተ የምትሰሙኝ፣ ምን እናደርግ ነበር? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሴራሚኩን ይሰድባል። እሳቸው ግን ልባቸው እንደ ገመዳቸው ቀጥ ያለ ነበርና ወለሉ ላይ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

«በጎንም ሁለት ነው፣ በወርድም ሁለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ጊዜ ሁለት። እኔ አንዱን ጎን ብቻ ነው የቀየርኩት። ለአራት መክፈል ሲገባኝ...» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴን ዘረፍኳት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ስም ዘራፊ ሊሆን ነው። ስንቱን ሰውስ በድዬ ይሆን?»

«ማንንም!» አለች ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ። «የሌላውን ሁሉ ክንድን ከክንድ ጋር ነው ያካፈሉት፤ እኩሉ እኩል ነው። ችግሩ የመጣው አንዱን መሬት በክንድ፣ ሌላውን በሜትር ይዘው ሲያስተያዩ ብቻ ነው።»

«እናትሽ ይህን ስትሰማ ምን አለች?»

«አልነገርኳትም። ከሰው አፍ ከሚሰሙት መጀመሪያ እርስዎ ይወቁ ብዬ ነው።»

ባለ ገመዱ አንገቷን ስበው ግንባሯን ሳሟት። «አሁን እስቲ ይሄ ጠላቴ ምን እንደሚል አሳዪኝ» አሉ።

«ከዚያ ከዲግሪው ስህተቴ ወዲህ ይሄ ቁጥር ብቻውን አይቀበልም» አለች ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር እየሳበችላቸው። «‹መቶ› ብለው ቢጽፉ ‹መቶ ምን?› ይላል። ምንም ቢሰጡት ውስጥ ውስጡን በሜትር ያስቀምጠዋል፤ ሲያወጣ ግን በፈለጉት ያሳያል፣ ቢፈልጉ በካሬ ሜትር፣ ቢፈልጉ በሄክታር። ርዝመትና ስፋትንም አያደባልቅም። ደግሞ ይህን ይዩ።»

ከመለኪያዎቹ ስሞች መሐል፣ ከሜትርና ከኪሎ ሜትር ቀጥሎ፣ «የአጎቴ ክንድ» የሚል ተጽፏል።

«ይሄ ምንድነው?»

«እርስዎ ነዎት። ክንድዎ ግማሽ ሜትር መሆኑን አንዴ ነገርኩት፤ ካሬውን ራሱ አባዝቶ ያውቀዋል።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ጭጋጉ ግን የመነጽሩ አልነበረም። «እኔን ያስወጣኛል ስል መዝግቦኛል እኮ» አሉ። «በይ፣ እኩል ለመሆን ከእኔ ምን ያህል ይቆረጥ በክንዴ?»

ልጅቷ ነካ ነካ አደረገች። «ሁለቱ ተደምረው አራት ሺህ አምስት መቶ ካሬ ሜትር ናቸው፤ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። ላይኛው መሬት በመንገዱ ዳር ስልሳ ሜትር ስለሚረዝም፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ሃያ አምስት ክንድ፣ ከዳር እስከ ዳር ይቆረጣል።»

«ብርቱካኑ እዚያ ውስጥ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ፣ እዚያ ውስጥ ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ገመዳቸውን አንሥተው ወጡ።

እሑድ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ባለ ገመዱ ማንም ሳይጠይቃቸው መሐል ቆመው፣ «እህቴ እውነት ብላ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ለእያንዳንዱም በጭራሮ መሬት ላይ አራቱን ሴራሚክ እየሣሉ አስረዱ። ከዚያ ገመዱን ከመንገዱ ዳር አስጀምረው ወደ ገዛ መሬታቸው ዘረጉት። ሃያ አምስተኛው ቋጠሮ ከብርቱካኑ ዛፍ አልፎ ቆመ። «ድንጋዩን እዚህ ትከሉ» አሉ።

እህታቸው እያለቀሰች፣ «ወንድምዓለም፣ ብርቱካኑ ቀረብህ እኮ» አለች።

«ለምን ይቀርብኛል? ስትለቅሚ ትጠሪኛለሽ። ደጅሽን ለመርገጥ ሰበብ አገኘሁ።»

ያን ቀን ምሳቸውን በእሷ ቤት በሉ። ከዚያ ወዲህ ገመዳቸው ሥራ አልፈታም። እሳቸው ይለካሉ፣ ልጅቷ ታሰላለች፣ ድሮ ሳምንት የሚያጨቃጭቀው ወሰን በግማሽ ቀን ያልቃል። ከቁጥሩ አጠገብ ክንድ ይሁን ሜትር ሳያስጽፉ ከቦታው አይነሡም፤ «ስም የሌለው ቁጥር ሰው ያጣላል» የምትለዋን ቃል ያመጡት እሳቸው ናቸው።

እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ወለላችሁን እዩት። መሬት በጎንም በወርድም እንደሚሰፋ፣ መለኪያውም ሲቀየር በሁለቱም በኩል መቀየር እንዳለበት አስቡ። ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። የእኔን ነገር ሁሉ ብትረሱ ቅር አይለኝም፤ ያን ወለል ላይ ተንበርክከው ሁለት ጊዜ የቆጠሩትን ሽማግሌ ብቻ አትርሱብኝ።