የደረጃው መደገፊያ

ሚስተር ኦርቪል ኬስለር ሐሙስ ጠዋት ወደ ፓይን ሆሎው ትምህርት ቤት ብቅ ያሉት፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የቤተ መጻሕፍት በር ዘይት ሊቀቡ ነበር። የሰባ ስምንት ዓመት አናጺ ናቸው፤ ከትምህርት ቦርዱ ሰባት አባላትም አንዱ። ደረጃው ላይ ግን ማሪሶልን፣ የትምህርት ቤቶቹን ሕንፃዎች የምትከታተለውን ወጣት፣ ሜትር ይዛ ቁጭ ብላ አገኟት።

“ምን ጠፍቶብሽ ነው?”

“ምንም። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ልወርድ ነው። ቆሞ ሲሄድ ቁመቱ እኔ ተቀምጬ የማክለውን ነው።”

ነገሩ ገረማቸው፤ አናደዳቸውም። ማታ ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው ምድር ቤት፣ ከግቢው እኩል ያለው አሮጌ የእንጨት ሥራ ክፍል የሕፃናት መማሪያ ይሁን ወይስ አይሁን በሚለው ላይ ነበር። የግዛቱ መንግሥት ወጪውን ሙሉ በሙሉ እችላለሁ ብሏል፤ ክፍሉ ምድር ቤት ከሆነና መጸዳጃው እዚያው ውስጥ ከተሠራ ብቻ። ስድስቱ አባላት እኩል ለእኩል ተከፍለዋል። ሰባተኛው ሚስተር ኬስለር እምቢ ካሉ ገንዘቡ ለሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ የተመዘገቡት አርባ ሕፃናትም ቤት ይቀራሉ።

“ፎቅ ላይ ሁለት ንጹሕ ክፍል ባዶውን ተቀምጦ እዚህ ማፍረስ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?” አሉ። “ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን ደረጃ አይተውታል? መደገፊያው የኦክ እንጨት ነው፤ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልወደቀበትም።”

“ጨብጠውት የሚወርዱትማ አይወድቁም፣ ሚስተር ኬስለር። እስቲ አጠገቤ ይቀመጡ።”

ያላየሁትን አልነቅፍም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ወሩን ሙሉ ሲነቅፉ መክረማቸውን እንተወውና። ጉልበታቸውን እየረገሙ ተቀመጡ። ቀና ሲሉ የታያቸው የመደገፊያው ሆድ ብቻ ነበር። ላዩን መስተዋት እስኪመስል አለስልሰውታል፤ ከታች ግን የመጋዙ ጥርስ እንዳለ ነው። እጃቸውን ሰድደው ሊጨብጡት ሲሞክሩ ስንጥር ጣታቸውን ወጋቸው። አፍረው ስንጥሩን በጥርሳቸው ነቀሉት።

“ከሥሩ አላለሰለስሁትም” አሉ። “ማን ያየዋል ብዬ።”

“እነሱ የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ቢማሩ፣ እሳት ሲነሣ አርባ ልጅ ይህን ይዞ ነው የሚወርደው።”

ከዚያ በኋላ የሽማግሌው ጥያቄ አላቆመም። መጸዳጃው ኮሪደሩ ላይ ቢሆንስ? የሦስት ዓመት ልጅ ቀጠሮ አይሰጥም፤ አንዱን ለመውሰድ መምህሯ ሌሎቹን ጥላ ትወጣለች ስትላቸው፣ የአራት ልጆች አባት ናቸውና ይህ ወዲያው ገባቸው። የኮት መስቀያውስ ከመሬት ስንት ይራቅ? ይህን ሲጠይቁ ማሪሶል ማታ እጃቸው እንደሚነሣ አወቀች።

ተነሣም። በመስከረም ልጆቹ ገቡ፤ እናቶች በሰዓቱ ሥራ ደረሱ፤ መምህሯም ከክፍሏ ሳትወጣ ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ማሪሶል ስትገባ ሽማግሌው ደረጃው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው የመደገፊያውን ሥር በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ።

“ልጆቹ እኮ ምድር ቤት ናቸው” አለቻቸው። “ማንም አያየውም።”

“እኔ አይቼዋለሁ” አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።