ሁለተኛ አይጠይቁም

ጆሮ ክዳን የለውም። ከደብረ ታቦር በተነሳው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያወራሉ። ሴትዮዋ ለባህል ልውውጥ ሆላንድ የምትሄድ ልጇን ልትሸኝ ባሕር ዳር ትወርዳለች። ሰውየው በዚያው ጉዞ ሄዶ የተመለሰ መምህር ነው።

«የምታርፍበት ቤት ምን ያበሏታል?»

«ድንች።»

«ለድንች ብላ ባሕር ትሻገር? ጓሮዬ ሞልቶ የለም ወይ።»

«ድንቹስ ባልከፋ፣ እማማ። ብይ ሲሏት እሺ ትበል። ሁለተኛ አይጠይቁም።»

«በሞቴ የሚል የለም?»

«የለም። እኔ እንዳገራችን መስሎኝ በቃኝ አልኩ፤ ሳህኑን አነሱት። ሁለት ቀን ጦሜን አደርኩ።»

«ጨካኞች ናቸዋ።»

«ኧረ ደጎች ናቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውኛል። በቃኝ ስል አመኑኝ እንጂ።»

«የኔዋ ደጋግመው ካልለመኗት እጇን አትሰድም። በቁንጥጫ ነው ያስተማርኋት።»

«እንግዲያው ዛሬ ይምከሯት።»

«ምን ብዬ? ሆዳም ሁኚ ብዬ ልመርቃት?»

«እንደሱ ይበሏት።»



«አንተ በሦስተኛው ቀን ምን አልህ?»

«ስጡኝ አልኩ። የሰረቅሁ ያህል አፈርኩ።»

«እሷ አትልም፣ ልጄ። ትሞታለች እንጂ ስጡኝ አትልም።»

እኔ ሐሙሲት እስክወርድ ድረስ ጭኔ ላይ የያዝኩትን ዳቦ አልቆረስኩም፤ ብቆርሰው ስንቴ «ብሉ» ልበላቸው?