እናቴን ወደ ጀጎል የተሸከምን ዕለት

«ቤትህን ስትሠራ ጩኸትህ እስከሚሰማበት ድረስ ብቻ ራቅ» ይሉ ነበር አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸው። ጠዋት ይሉታል፣ ማታ ይሉታል፣ ሰው ለቤት ድንጋይ ሲያራግፍ ባዩ ቁጥር ይሉታል። በኛ ጊዜ እንግዲህ የጀጎል ልጅ ከከተማው ግንብ ውጭ ቤት አይሠራም ነበር። የመንግሥት ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ወታደሩ ይሠራ ይሆናል፣ ጣሊያንም ሠርቶ ሄዷል። እኛ ግን ከበር የምንወጣው ወይ ለእርሻ ነው፣ ወይ ለመቃብር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የጅብ ነው።

እኔ ደግሞ ግንበኛ ነኝ። ትምህርት ብትሉኝ ቁርኣኔን ቀርቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይና ጭቃ ነው። ታዲያ አባቴ ሞቱ፣ ቤቱ ለኛ ለወንድማማቾቹ ቀረ፣ ሁላችንም አገባን፣ ሁላችንም ወለድን። ልጄ ሲተኛ እግሩ የወንድሜ ልጅ ሆድ ላይ ነው! ሴቶቹ በአንድ ምድጃ ይጋፋሉ፣ ወንዶቹ ሴቶቹን ብለን እንኮራረፋለን። እና አንድ ቀን ሰግጄ ስነሳ «ያ ረቢ፣ ከወንድሞቼ ሳልጣላ አውጣኝ» አልኩ። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ድንጋያማ ቦታ ነበረች፣ ማንም የማይፈልጋት፣ እሷን አገኘሁ። ሠራሁ።

የሰው ነገር እንግዲህ! ድንጋይ ተሸክሜ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር «ሌላው ሰው ሲሞት ነው የሚወጣው፣ አንተ በእግርህ ወጣህ!» ይሉኛል። ሌላው ይቀበልና «ለጅቡ እራቱን ቤቱ ድረስ ወሰደለት» ይላል። እኔ እስቃለሁ።

እናቴ አሚና ግን አልሳቀችም። በኛ ወግ እናት ከትንሹ ልጇ ጋር ነው የምትኖረው፣ ትንሹ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ወጣች። እያለቀሰች ወጣች። ለምን ታለቅሳለች በሉኝ። ለአፎቻው ነው። አፎቻ ማለት፣ አንተ የምትጽፈው ቀስ በል፣ ይሄን በደንብ ጻፈው፣ አፎቻ ማለት የሰፈር ማኅበር ነው። ሰርግ ሲሆን የሚደግሰው እሱ ነው፣ ሰው ሲሞት የሚያጥበው፣ የሚሸከመው፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጠው እሱ ነው። አፎቻ የሌለው ሰው ጀጎል ውስጥ ሰው አይባልም። ታዲያ የኛ አፎቻ ደንብ ነበረው፤ ለቀብር ካልሆነ በቀር በር አይወጣም። ውጭ ያለ ቤት ድረስ ሄዶ ሬሳ አያነሳም።

የአፎቻው አለቃ አው ኢስማኢል ነበሩ፣ እኛ ትልቅ ሰውን አው እንላለን። እግራቸው ስር ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አው ኢስማኢል፣ እናቴ ፈርታለች» አልኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ እኔም አዝኛለሁ። አብረን ነው ያደግነው ከአሚና ጋር። ግን ዛሬ ለአንተ በር ከወጣን ነገ አንዱ ድሬዳዋ ይገባና ድሬዳዋ ኑልኝ ይለናል።»

«ድሬዳዋ አይደለሁም፣ የበሩ ድምፅ ይሰማኛል።»

«እንግዲያውስ እዚያው ሆነህ ስማን!» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተነስቼ ሄድኩ።

እና እዚያ ኖርን። ጎረቤት አልነበረም አልልም። ባሻ ተክሌ ነበሩ፣ ከሸዋ የመጡ ጡረተኛ ወታደር፣ ክርስቲያን። አህመዴም ነበር፣ በአህያ እንጨት የሚያመጣ የገጠር ልጅ፣ እናቴን «አኮ» ይላታል፣ በኦሮምኛ አያቴ እንደ ማለት ነው። ውሃ አብረን ነው የምናስቀዳው፣ የአንዱ ልጅ ሲታመም ሁሉም ነው የሚነሳው። እኛ ረመዳን ስንጾም ባሻ ቆሏቸውን በር ዘግተው ነው የሚቆረጥሙት፣ ቀርጨጭ ቀርጨጭ ሲል ግን በግድግዳ ይሰማናል! መስጂድ ስላልነበረን አንድ ሜዳ ደልድዬ ዙሪያውን ድንጋይ ስደረድር ባሻ መጥተው ቆሙ።

«ይሄ ጠማማ ነው፣ አስተካክለው» አሉኝ።

«ባሻ፣ ይሄ እኮ የኛ መስገጃ ነው።»

«አውቃለሁ። ድንጋዩ ግን ጠማማ ነው።» ጎንበስ ብለው ራሳቸው አቃኑት።

ታዲያ አንድ ዓመት ብርዱ በረታና እናቴ ታመመች። ሳል ነው፣ ትኩሳት ነው፣ እህል እምቢ አለች። ሐኪሙም መድኃኒቱን ሰጥቶ «ትረፍ» አለን። እሷ ግን መድኃኒቱን አትጠይቅም፣ ሌት ተቀን አንድ ነገር ነው የምትለው። «ማን ያጥበኛል? ማንስ ይሸከመኛል?»

ባሻ አንድ ቀን ሊጠይቋት መጥተው ሰሟት። «እማማ፣ እኔ እሸከምዎታለሁ» አሏት።

«አንተ ክርስቲያን ነህ።»

«ትከሻ ሃይማኖት አለው እንዴ?»

ፈገግ አለች፣ ግን ወዲያው ወደኔ ዞረች። «ልጄ፣ ወንድምህ ቤት ውሰደኝ። ጀጎል ውስጥ ልሙት። ከዚህ ከሞትኩ እንደ ባዳ ነው የምቀበረው።»

እናት እንዲህ ስትል ምን ይባላል? ሁለት ረከዓ ሰግጄ አላህን ለመንኩ፣ ከዚያ ሁለት አጣና በገመድ ጠፍሬ ቃሬዛ ሠራሁ። ሚስቴ ዘይነብ ብርድ ልብስ አመጣች። እናቴ እምቢ! «በዚህ ጨርቅ ተሸፍኜ ጀጎል አልገባም። ግንብ ወጥታ ደኸየች ይበሉኝ? ሐሩን አምጪ!» የሰርጓን ሐር፣ ሣጥን ውስጥ የኖረውን፣ እሱን አስወጣች። ዘይነብ ደግሞ ብርዱ እንዳይነካት ብላ ከአናቷ እስከ እግሯ ሸፈነቻት። እና እኔ፣ ባሻ፣ አህመዴ፣ አንድ የባሻ ዘመድ፣ አራት ሆነን አነሳናት።

አሁን ነገሩ ገባችሁ? አልገባችሁም። ሰው በቃሬዛ፣ ከላይ እስከ ታች በሐር ተሸፍኖ፣ አራት ሰው ተሸክሞት። የበሩ ሰው ሲያየን ምን ይበል?

ገበያተኛው ብድግ አለ፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን አለ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» ጀናዛ ያየ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ለአጅሩ፣ ለጽድቁ ብሎ ጥቂት መንገድ ይሸከማል። አንድ የማሽላ አገዳ ሊሸጥ የመጣ ባላገር ሸክሙን ጥሎ ሮጦ መጣና የአህመዴን ቦታ ነጠቀ። ሌላው የባሻን ዘመድ ገፋ። ላ ኢላሃ ኢለላህ ተጀመረ፣ እንዲያው እየተባለ በሩን ገባን።

«ኧረ አልሞተችም!» አልኩ እኔ።

አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ክንዴን ያዙኝ። «ሰብር አድርግ፣ ታገስ ልጄ። ሁላችንም የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነው የምንለው።»

«አባቴ፣ በአላህ ስም፣ በሕይወት ናት!»

«እናቱን በጣም ይወዳት ነበር» አሉ ለሌላው፣ ዕንባቸው መጣ።

ባሻ በፊናቸው ይጮሃሉ፤ «ሰዎች! እማማ ደህና ናቸው!» ማን ይስማቸው። «አዎ ባሻ፣ አሁን ደህና ናቸው፣ አረፉ» ይሏቸዋል።

በዚህ መሃል ወሬው አው ኢስማኢል ዘንድ ደረሰ። መጡ፣ ምን መምጣት ነው፣ በረሩ ልበላችሁ እንጂ! አንድ እግራቸው ላይ የራሳቸው ጫማ፣ አንዱ ላይ የልጃቸው። የአፎቻው ሰዎች ከኋላቸው።

«እናትህ ሞታ ሳትነግረኝ?» አሉኝ።

«አፎቻ በር አይወጣም አላሉኝም ወይ?»

«ይሄ ወሬ አሁን ነው የሚነሳው?» ብለው ገፍተውኝ ትከሻቸውን ከአጣናው ስር አስገቡ። ትንሽ እንደሄዱ ግን ቆሙ። ዙሪያቸውን አዩ። «ቆይ፣ ቆይ። ጀናዛ ወደ ውስጥ የሚገባው የት አገር ነው? መቃብሩ ውጭ አይደለም ወይ? ልጁን ሐዘን አዙሮበታል፣ ባሻም መንገዱን አያውቁም። አዙሩ!»

አዞሯት! እናቴን አዞሯት፣ መልሰው በሸዋ በር ይዘዋት ወጡ። እኔ ከኋላ ቀርቼ በሰው መሃል እየተጋፋሁ እሮጣለሁ፣ ወደ መቃብር ነው የሚወስዷት፣ በቁሟ! «ያ አላህ» እላለሁ። እነሱ ላ ኢላሃ ኢለላህ፣ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላሉ። በሩን አለፍ ብለው፣ ዜማውን የሚመራው ሰው ሲያወርድ፣ ከሐሩ ስር ቀጭን ድምፅ ተቀበለው፤

«ሙሐመዱን ረሱሉላህ።»

ምን ልንገራችሁ። ከኋላ ያለው ሊሮጥ ፈለገ፣ ከፊት ያለው ሊጥላት ደረሰ። ያ ባላገር ብቻ አጣናውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

አው ኢስማኢል ላብ በላብ ሆነው «አሚና?» አሉ።

ሐሩን ከፊቷ ገለጠች። «እንደምን አደርክ ኢስማኢል።»

«አለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ።»

«እና ይሄ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ፣ ልጅሽ ሲጮህ፣ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ማን እንደሚሸከመኝ ልስማ ብዬ ነዋ» አለች። «ያንተን ድምፅ ስጠብቅ ነበር። ዘገየህ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ አው ኢስማኢል ራሳቸው፣ አጣናው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ። ሲበርድላቸው «እሺ፣ አሁን ወዴት እንውሰድሽ? ትልቁ ልጅሽ ቤት?» አሏት።

እናቴ ሰዉን አየች። ባሻን አየች፣ ከሕዝቡ ጋር ሲታገሉ ኮፍያቸው ወድቋል። አህመዴን አየች፣ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋያማዋ ቦታ አየች።

«ቤቴ ውሰዱኝ» አለች።

«የቱ ቤትሽ?»

«ልጄ የሠራልኝ።»

አው ኢስማኢል «አፎቻ እኮ በር...» ብለው ጀመሩ። ባሻ ጠጋ አሏቸውና «አው ኢስማኢል፣ በሩ በየት በኩል ነው?» አሉ። ሽማግሌው ፊት ለፊታቸውን አዩ፣ በር የለም። ዞሩ፣ በሩ ከኋላቸው ነው።

«ወጥተናል እንዴ?»

«ወጥታችኋል።»

አጣናውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እንግዲህ የወጣ ወጥቷል። ተሸከሙ!»

እና አፎቻው ሙሉውን እናቴን ተሸክሞ ወደ ቤቴ መጣ። ዘይነብ ቃሬዛው ሲመለስ፣ ያን ሁሉ ሰው ስታይ «ወየው!» ብላ ወደቀች፣ እናቴ ከላይ ሆና «ተነሺ፣ እንግዳ መጥቷል» አለቻት። ዙህር፣ የቀትር ሶላት፣ ደረሰ፣ በዚያች በደለደልኳት ሜዳ ሰገድን፣ ሜዳዋ ጠበበችን። አው ኢስማኢል ሶላቱን ጨርሰው ዙሪያውን አዩና «ድንጋዩ ቀጥ ብሏል» አሉኝ። እኔ ባሻን አየኋቸው፣ ባሻ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

እናቴ ዳነች፣ ብዙ ዓመትም ኖረች። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ማንም ሄዶ አልለመነም፣ አፎቻው ራሱ በር ወጥቶ መጣ፣ ሴቶቹ አጠቧት፣ ባሻና አህመዴም ከፊት ከፊት ተሸከሙ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «አፎቻ ይመጣል» እያለ ይወጣ ጀመር፣ እኔም ግንብ ስገነባ ኖርኩ። ዛሬ ቤት ከቤት ተያይዞ የምታዩት እንዲህ ነው የመጣው። አባቴ ትክክል ነበሩ እላለሁ፣ ጩኸት የሚሰማበት ድረስ ነው ቤት የሚሠራው። ብቻ ጩኸት የት ድረስ እንደሚሰማ ማንም ሳይሞክር አያውቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ባላገር፣ የማሽላ አገዳ ሻጩ፣ አገዳውን በር ላይ ጥሎ ቤቴ ድረስ ሌላ ሰው ሳይተካው ተሸክሟት ነበር። ስሙን አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ሰዉ ሲበተን ውሃ ሰጠሁትና «ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ፣ በከንቱ አደከምንህ» አልኩት። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ትከሻውን እያሸ ሳቀ። «ብዙ ሰው ተሸክሜ ቀብሬያለሁ» አለኝ፤ «አላህ ይስጥህ ያለችኝ ግን የዛሬዋ ብቻ ናት።»