የአክሲሟ ሸክላ ጉዳይ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ጆሴፍ ኤሲልፊ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ምልክት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ተኳራዲ፣ ኤፊያኩማ፣ ከውሃ ቦኖው ፊት ለፊት ባለ ሰማያዊ በር ቤት
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ማርች 14 ቀን 2013፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ዶርካስ አግቤኮ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ ማክሰኞ ማርች 12 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ እዚሁ ጣቢያ ቀርቤ ልብስ ሰፊው ኤቦ ኳንሳ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ሰርቆኛል ብዬ አመልክቼ ነበር። በዚሁ አቤቱታ መሠረት ኤቦ ያኑ ዕለት ከሱቁ ተይዞ እስከዚህች ሰዓት በእስር ላይ ይገኛል። ዛሬ ከቀትር በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ደግሞ ያለችውን አንዲት ሴት ልጅ ይድራል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ክሴን ላጠናክር ሳይሆን ሰውየው እንዲፈታ ነው። ኤቦ አልሰረቀም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳጅኗ «ረጋ ይበሉና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ስላሉኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ሸክላ መሰብሰብ የጀመርኩት በ1971 ነው። ዛሬ በቤቴ ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ሸክላዎች ይገኛሉ። ሸክላዎቹን በሕፃን ሳሙና እያጠብኩ የማደርቃቸው በባለቤቴ በአራባ የሳህን መደርደሪያ ላይ ነው። አራባ «እኔ በሳህን ከበላሁበት ቀን በቅጠል የበላሁበት ይበልጣል» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች። ይህ ግነት ነው። ሳጅኗ ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለው ነበር፤ እኔ ግን በሰው ላይ የፈረድኩት በምን ዓይነት ጭንቅላት እንደሆነ ካልታወቀ ነገሩ አይገባም ብዬ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ዘወትር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምስት ሰብሳቢዎች እኔ ቤት እንገናኛለን። እያንዳንዱ አንድ ሸክላ ይዞ ይመጣል፤ መሐሏ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳይነበብ ወረቀት ይለጥፍባታል። ትጫወታለች፣ ሌሎቻችን ዘፋኙንና ዓመቱን እንናገራለን። የተሳሳተ ሰው እስከሚቀጥለው እሑድ መሳቂያ ነው። ማንም ሰው ይዞ ከገባው ቦርሳ የሚበልጥ ይዞ አይወጣም፤ ይህ ሕጋችን ነው። ከአምስቱ አንዱ ኤቦ ነው። እሱ እኔን በድሮ ሥራዬ «ሲግናል» ይለኛል፣ እኔ እሱን እንደ ሰፈሩ ሰው «ማስተር» እለዋለሁ። በጆሮ ከእኔ ይበልጣል። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

የጠፋችው ሸክላ «የወደብ ዳር ወንድማማቾች» የተባለው ባንድ በ1974 ያስቀረጻት ናት። በኦገስት 1996 ሸክላዋ አክሲም በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት ትገኛለች የሚል ወሬ ሰማሁ። ኤቦም ሰምቶ ኖሯል። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት በዋዜማው መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔ ነገ ጥርሴን ልነቀል ነው አልኩት፤ እሱ ነገ ቀብር አለብኝ አለኝ። በማግስቱ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ጉንጬን ይዣለሁ፣ እሱ ጥቁር ለብሷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዳችን አንዳችንን ሳናጋልጥ ስለ ዝናብ ስናወራ ሄድን። አክሲም ስንወርድ ግን ሁለታችንም ሮጥን። እግሬ ረጅም ስለሆነ ቀደምኩት። አሮጊቷ ሸክላዋን የውሃ እንስራ መክደኛ አድርጋት ነበር። ሮጬ ገበያ ሄጄ ባመጣሁት አዲስ የአሉሚኒየም መክደኛ ለወጥኳት። የእንስራው አፍ የፋቀው ቦታ ስላለ ሸክላዋ ሁለተኛው ስንኝ ላይ መለከቱ ሊገባ ሲል አንድ ጊዜ ትዘላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤቦ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «ከእጄ ነጠቅከኝ» ይለኛል፤ እኔም «እግርህን አስረዝም» እለዋለሁ።

እሑድ ማርች 3 ቀን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ኤቦ ወደኋላ ቀረና «ሲግናል፣ ለልጄ ሠርግ ያቺን ሸክላ አውሰኝ» አለኝ። ከሟች ባለቤቱ ጋር በ1975 የተዋወቀው በዚያች ዘፈን ሲጨፍር ነው። ልጁ ኤኩዋ እናቷን በሰባት ዓመቷ ነው ያጣችው፤ «እናትሽ የሳቀችልኝ በዚህ ዘፈን ነው ብዬ አብሬያት ልጨፍርበት» አለኝ። እኔም «ሸክላ ከቤቴ አይወጣም» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ቃል አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ኤቦ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣሁ። አንድ ሰው አጥብቆ ሲፈልጋት ሁሉም የሚፈልጋት መሰለኝ። መጀመሪያ ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ቀጥሎ አልጋ ሥር፣ ከዚያ የገና በዓል መዝሙሮች ሸክላ ሽፋን ውስጥ ደበቅኳት። ቅዳሜ ማርች 9 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከውጭ አገር የመጣ ሸክላ ገዢ ከተማ ገብቷል ተባለ፤ ደንግጬ አራተኛ ቦታ አዛወርኳት። እኛ ሰብሳቢዎች ምርጧን ሸክላ የምንደብቀው ማንም በማይነካው መናኛ ሽፋን ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት የመረጥኩት ሽፋን ግን በማግስቱ ከአእምሮዬ ጠፋ። መጥፋቱንም አላወቅኩም፤ አሁንም የገና መዝሙሮቹ ሽፋን ውስጥ ያለች መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ማርች 11 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት የገና መዝሙሮችን ሽፋን ስከፍት ባዶ ነው። ወዲያው ትዝ ያለኝ ኤቦ ነው። በዋዜማው እሑድ ለስብሰባችን ሲመጣ ሰፊ ልብስ ለብሶ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ኪስ ለራሱ መስፋት ይችላል ብዬ አሰብኩ። ይህንኑ ማክሰኞ በሰጠሁት ቃል ላይ እንደ ማስረጃ አስመዝግቤዋለሁ። ዛሬ ሳጅኗ ሲያነቡልኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትላንት ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ኤኩዋ ቤቴ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ «ዎፋ ጆ»፣ አጎቴ፣ እያለች ነው የምትጠራኝ። ለአባቷ ኬንኪ የሚባለውን የበቆሎ ምግብና አሣ ያደረሰችበትን ባዶ ሳህን ይዛለች። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ያዝኩ።

«ዎፋ ጆ፣ አባዬ መልእክት ልኮኛል» አለች።

«ምን አለ?»

«ከሸክላዎችህ ሁሉ ሰው እንዳያይብህ በጣም የምታፍርበት የቱ ነው? እዚያ ውስጥ ፈልግ ብሏል።»

ደሜ ፈላ። «ሌባ ደግሞ ምክር ይሰጣል እንዴ?» አልኳት። ልጅቷ ሳህኗን አቅፋ ቆመች። ከኋላዬ አራባ «አንተ ሰውዬ! ፈልግ ተባልክ፣ ፈልግ! ምን ይቀንስብሃል?» ብላ ጮኸች።

የማፍርበት ሸክላ አለኝ። ስለ ዶሮ እርባታ የሚያስተምር ነው፤ አንድ ሰውዬ በሁለቱም ገጾቹ ሙሉ ስለ ጫጩት መኖ ይናገራል። ሽፋኑ ላይ ትልቅ ነጭ አውራ ዶሮ አለ። ከታች ከተደረደሩት መሐል ስቤ አወጣሁት። ሸክላዬ እዚያ ውስጥ ነበረች። ከጥርጣሬ ለመዳን አጫወትኳት፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዘለለች። አራባ ራሷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኤኩዋ እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠች፣ ከዚያ «ይቺ ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ቆንጆ ናት» ብላ ሄደች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ውርደት እስክሞት አልረሳውም።

ሳጅኗ «ታዲያ ለምን ትላንቱኑ አልመጡም?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይህ ነው። አፈርኩ። ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ልጅቷ ያየችውን ልክድና ሸክላዋን ዳግም ልደብቃት አስቤያለሁ። እንዲያ ባደርግ ግን ኤቦን ብቻ ሳይሆን ሸክላዋንም ለዘላለም ማጣቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማን ፊት አጫውታታለሁ? የሚሰማ ሰው ከሌለ የእንስራ መክደኛ ሆና ብትቀር ይሻላት ነበር። በዚህ ማመንታቴ የተነሳ ንጹሕ ሰው አንድ ሌሊት ጨምሮ በእስር አድሯል። ይህም በራሴ ላይ ይመዝገብልኝ።

ዛሬ ጠዋት በባትሪ የሚሠራውን ማጫወቻና ሸክላዋን ይዤ መጣሁ። ሳጅኗ ጠፋች የተባለችው ይህችው መሆኗን በምን እናውቃለን ስላሉኝ ጠረጴዛቸው ላይ አጫወትኳት። ሁለት ፖሊሶች ሥራቸውን ትተው መጡ። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ከእስር ክፍሉ በኩል የኤቦ ድምፅ ተሰማ። «መርፌው ቆሽሿል! ጥረገው አንተ!» አለ። ቀጥሎም «አሁን ትዘላለች፣ አንድ፣ ሁለት፣» ብሎ ሦስት ሳይል ዘለለች። አንደኛው ፖሊስ አጨበጨበ። ሳጅኗ «በቂ ነው፣ እሷው መሆኗ ታውቋል» ብለው ኤቦ እንዲመጣ አዘዙ።

ኤቦ ያለ ቀበቶና ያለ ጫማ ማሰሪያ ቀረበ። ጢሙ አድጓል። «ማስተር፣ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አልጨበጠም። ሸክላዋን ከማጫወቻው ላይ በሁለት መዳፉ ጠርዝ ጠርዟን ይዞ አነሣት፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ ብርሃን ላይ እያጋደለ አያት፣ እፍ አለባት።

«አሥራ ሰባት ዓመት» አለ። «አንድ ጭረት አልጨመርክባትም።»

«አልጨመርኩም።»

«እኔ ብሆን ይህን ያህል አልጠብቃትም ነበር። ብዙ ነበር የማጫውታት።»

ለሠርጉ እንዲወስዳት፣ ከፈለገም እንዲያስቀራት ነገርኩት። ይህን በፖሊስ ፊት በሙሉ ፈቃዴ ተናግሬያለሁ። ኤቦ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ልጄን ይዤ ስጨፍር መርፌውን ማን ያስቀምጥልኛል? የሠርጉ አጫዋች ልጅ መርፌውን እንደ አካፋ ነው የሚጥልባት። አንተ ራስህ ይዘሃት ትመጣለህ። ማጫወቻው አጠገብ ትቆማለህ፣ ወንበርም አልሰጥህም። ከሠርጉ በኋላ አንድ እሑድ እኔ ቤት፣ አንድ እሑድ አንተ ቤት ታድራለች» አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሳጅኗ ውሃ አስመጥተውልኛል። ለመሆኑ ከእስር ቤት ሆኖ የደበቅኩበትን እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው፣ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚደብቀው እንደዚያው መሆኑን ነገረኝ። በየትኛው ሽፋን እንደሆነ ግን ሊነግረኝ ፈቃደኛ አልሆነም።

ስለዚህ በኤቦ ኳንሳ ላይ ያቀረብኩት ክስ በእኔ መርሳትና በእኔ ክፉ ጥርጣሬ የተነሳ መሆኑ ታውቆ መዝገቡ እንዲዘጋ፣ እሱም አሁኑኑ እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት በሠፈሩ ሰው ፊት ተይዞ ስለወጣ፣ ዛሬ ስንወጣ እስከ ሱቁ በር ድረስ አብሬው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ሌባ ያልኩት እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ መሆኔን እናገራለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦልኛል። አንድ ቦታ ብቻ አስተካክያለሁ፤ «አሮጌ ፕላስቲክ» የተባለው «ሸክላ» ተብሏል። የቀረው የራሴ ቃል ነው፣ ያልሆነ ነገር አልተናገርኩም። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ማክሰኞ ለሰጠሁት ቃል ጭምር በሕግ ልጠየቅ ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጆ. ኤሲልፊ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዶ. አግቤኮ

ኤቦ ኳንሳ ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ተለቋል። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ተረክቧል። ከላይ ያለው ቃል ሲነበብ ሰምቶ የሚጨምረው እንዳለ ሲጠየቅ «ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዳይዘገይ፤ መርፌውንም ጠርጎ ይምጣ» ብሎ ፈርሟል።

ፊርማ፦ ኤ. ኳንሳ