አራት ምርመራ ለመኳንንት

ስልኩ ሁለቴ እንደጠራ ዓለምጌጥ አነሳችው። ታክሲ ነጂው ወንድሟ መኳንንት እንደሚሆን አውቃለች፤ በፔጀሩ ደውልልኝ ብላ መልእክት ከላከችለት ግማሽ ሰዓት ሆኗል።

— ሄሎ... መኩ? ከኤርፖርት ነው?... ከፊትህ ተራ የሚጠብቅ ስንት ታክሲ አለ?... አስራ አንድ። ኦኬ፣ ይበቃናል። ስማ፣ ቅዳሜ እኛ ክሊኒክ ለሠራተኛ ቤተሰብ የደም ምርመራ አለ ብዬህ አልነበር? ፎርሙ እጄ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አራት ምርመራ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ነገ ማስገባት አለብኝ፣ ሶ አሁን እንጨርሰው።

ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ከተማ ባለ ክሊኒክ ደም መቅዳት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። የተደበቀ ደም ሥር ፈልጎ ማግኘት አይከብዳትም፤ ወንድሟን እሺ ማሰኘት ግን ሌላ ሥራ ነው።

— ስኳር፣ እሺ። ቼክ አደረግሁ... ኮሌስትሮልም ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው... ሪህ? የምን ሪህ?... አውራ ጣትህን የሚያምህ ጫማህ ነው። ጫማ ቀይር... የደም ዓይነትስ ምን ያደርግልሃል?... ማወቁ ጥሩ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን የደም ዓይነትህ አይገድልህም... ፕሮስቴት ደግሞ ለሽማግሌ ነው፣ ገና ሠላሳ ስድስትህ እኮ ነው። ሦስተኛው የጉበት ይሆናል። አራተኛው ሄፓታይተስ ቢ... ሄ-ፓ-ታይ-ተስ። በደምም በግንኙነትም የሚተላለፍ፣ ጉበት ውስጥ የሚቀመጥ ቫይረስ ነው... ሄሎ? ትሰማኛለህ?

 ከወዲያ የሚሰማት የመኪና ድምፅ ብቻ ነው።

— የአባባን ታውቃለህ። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ነው የተቀበረው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ። ወንድማችን ተስፋስ? ገዳሪፍ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ልክ እንደ አባባ አይደለም እንዴ የሄደው?... ወባ አልነበረም፣ መኩ። ወባ ያልነው ሌላ ስም ስላልነበረን ነው።

መኳንንት የሚስቱን ነገር አነሳ። ውድነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

— አውቃለሁ፣ ውድነሽ የለባትም። ለእርግዝናዋ ሐኪሟ መርምሯታል። የእሷ ውጤት ግን ያንተ አይደለም... እንዴት አንድ ይሆናል? ሚስትህ ናት እንጂ እህትህ አይደለችም። አንተና ተስፋ ካምፕ ውስጥ በአንድ ምላጭ ነበር የምትላጩት፣ ረሳኸው?... ደህና ነኝ አትበለኝ። አባባም እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ሱቁን ይከፍት ነበር... አትዝጋው። መኩ፣ አትዝጋው። አንዴ ቆየኝ።

የስልኩን አፍ በመዳፏ ሸፈነች።

— ሐዳሳ፣ የኔ ቆንጆ፣ ቲቪውን አጥፊና ገብተሽ ታጠቢ... ኖ፣ አሁን። ካርቱኑ ነገም አለ።

ልጇ እየተጎተተች ገባች። ዓለምጌጥ የሻወሩ ውሃ እስኪከፈት ጠበቀች። ለሦስት ቀን በልቧ ስታጠናው የከረመችው ንግግር ነበር፤ አሁን አንዱም ቃል አልመጣላትም።

— መኩ... እኔ አለብኝ... እሱ ራሱ። ሄፓታይተስ ቢ። ውጤቴ ማክሰኞ መጣ... አልቀለድኩም። አንተን ከማስገደዴ በፊት የራሴን ልይ ብዬ ክንዴን ለመሰረት ሰጠኋት... መሰረት፣ አብራኝ የምትሠራው። ከእሷ ሌላ ማንም አያውቅም... አይ፣ ምንም አላመመኝም። እንዳንተው ደህና ነኝ። የሚያስፈራውም እሱ ነው... ሐዳሳ የለባትም። በሕፃንነቷ ተከትባለች፣ ትናንትም አስመረመርኳት፣ ነፃ ናት።

ስልኩን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረች። 

— መኩ... አታልቅስ። እዚያ ሰው ያይሃል... አዎ፣ ሐኪም ያየኛል፣ ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። የያዘው ሁሉ አይሞትም። መጠጥ ትቶ፣ ጉበቱን እያስመረመረ ዕድሜውን የሚኖር ብዙ ነው። አባባና ተስፋን ያያቸው ሰው አልነበረም። እኛ ግን የሚያየን አለ... ስማኝ፣ አሁን ስለ እኔ አይደለም። አንተ ካወቅህ ውድነሽ ሳይዛት ትከተባለች። ካላወቅህ ግን... አዎ። እሱን ነው የምልህ... እሺ ማለትህ ነው?... በአፍህ በለው፣ ልስማው... ኦኬ።

እስኪርቢቶውን ጠበቅ አድርጋ አራተኛው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

— ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። አርብ ማታ ከእራት በኋላ ውሃ ብቻ ነው... ሻይም አይቻልም። የምትቀዳህ መሰረት ናት... እኔ አልችልም፣ የሥጋዬን ክንድ መውጋት ይከብደኛል... ምን? ሰኞ?... አይ፣ ራሴ ነድቼ እሄዳለሁ። ሰኞ እኮ ሥራ አለህ... ከቤትህ ከሜስኪት ድረስ?... መኩ፣ ሐኪሙ የሚያየው እኔን ብቻ ነው፣ አንተ ምን ትሠራለህ?... ተቀምጠህ ትጠብቀኛለህ።

 እሷ ስታስገድድ ነበር ያመሸችው፤ አሁን እሱ አልለቅ አለ።

— ...ሦስት ሰዓት ነው ቀጠሮው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሐኪሙ ጋ በር ላይ ጠብቀኝ... እሺ፣ አብረን እንገባለን። እሺ አልኩህ እኮ... ተራህ ደረሰ? ሂድ በቃ፣ ሰው አታስጠብቅ። ቀስ ብለህ ንዳ።

ስልኩን ዘጋች። ሐዳሳ ሻወር ውስጥ እየዘፈነች ነው። ዓለምጌጥ ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት።