አባ እንዴት፣ የአሳንሰር ጠጋኙና የሕመምተኞቹ ባልንጀራ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በመዝገብ ስማቸው ሳይሆን «አባ እንዴት» በሚለው የቅጽል ስማቸው ስለሆነ፣ እርሳቸውም በዚሁ መጠራትን ይወዱ ስለነበር፣ ዜና ሕይወታቸውን በዚሁ ስም እናነባለን።

አባ እንዴት ልብስ ሰፊ ከነበሩት አባታቸውና አዋላጅ ነርስ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታቸውን የስፌት መኪና ብሎን በብሎን ፈተው መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው፣ አባታቸው የማስረከቢያው ቀን የደረሰ ኮት ቀኑን ሙሉ በእጅ መርፌ ሲሰፉ እንደዋሉ ታላቅ እኅታቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሳሉ። ሌላው ልጅ «ለምን?» እያለ ወላጆቹን ሲያደርቅ፣ እርሳቸው «እንዴት?» እያሉ ያደርቁ ነበርና ስሙን ያወጡላቸው እናታቸው ናቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው በአንድ የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ተቀጠሩ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ አሳንሰር ቆሞባቸው ውስጡ የቀሩ አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበሩና፣ በሩን ፈልቅቀው ሲያወጧቸው መምህርቷ እንደ ሌላው ሰው እያማረሩ በመሄድ ፈንታ «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ጠያቂ በማግኘታቸው ተደንቀው ጣሪያው ላይ እስካለችው የሞተር ክፍል ድረስ ወስደው አሳዩአቸው፤ ዓመት ሳይሞላም ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ሴት ልጃቸውን ጠርተው «'አንዳንድ ውጣ ውረዶችን አሳልፈዋል' ብላችሁ እንዳታድበሰብሱኝ፤ ጠጪ ነበር በሉ» ብለዋታልና፣ እነሆ ቃላቸውን እንፈጽማለን፤ አባ እንዴት ጠጪ ነበሩ።

መጠጡ ከሥራ በኋላ ከባልደረቦች ጋር ለጨዋታ ያህል የተጀመረ ቢሆንም፣ እያደር ጠርሙሱ በመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ ከመፍቻውና ከፒንሳው ጎን ቦታ ያዘ። ልጆቻቸው ቁልፉ በሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ እየሰሙ አባታቸው ምን ያህል እንደጠጡ መገመትን ለመዱ። በመጨረሻ በአንድ ሆስፒታል በሽተኛ የያዘ አሳንሰር በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞ ሲጠሩ ሰክረው ደረሱ፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሥራም እጃቸው መሥራት አቃተው። ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ በሽተኛዋ በሰላም ብትወጣም፣ እርሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩና «እኔ እንዴት እዚህ ደረስኩ?» እያሉ ራሳቸውን ሲጠይቁ የሆስፒታሉ ጥበቃ አይቷቸዋል።

ከሥራቸው ተሰናብተው በዚያው ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ገቡ፤ ወጡ፤ ተመልሰውም ጠጡ። ሐኪሞቹ መጠጥ ጉበትን እንዴት እንደሚጎዳ አሳምረው አስረድተዋቸው ነበር፤ ሰው በሚያውቀው መጠጥ ቤት በር ላይ እንዴት አልፎ ቤቱ እንደሚገባ ግን የነገራቸው አልነበረም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲገቡ፣ ቀደም ሲል እዚያው የታከመ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሊጠይቃቸው መጥቶ «እኔ ሰፈር አልቀየርኩም፤ ፌርማታ ነው የቀየርኩት። አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በጓሮ በር እገባለሁ» አላቸው። አባ እንዴት ይህን ሲሰሙ ከአልጋቸው ቀና ብለው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደረደሩበት፤ ዝናብ ሲዘንብስ? ጓደኛ መንገድ ላይ ሲይዝህስ? ደመወዝ የተቀበልክ ቀንስ? ሹፌሩም «ሰውዬ፣ ለፖሊስ እንኳ ይህን ያህል ቃል ሰጥቼ አላውቅም» እስኪል ድረስ አላቆሙም። ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልቀመሱም። ባለቤታቸው ወዲያው አላመኗቸውም፤ እርሳቸውም እመኑኝ ብለው አልወተወቱም።

ዓመታት አልፈው ሆስፒታሉ ከሱስ ያገገሙ ሰዎችን በአቻ ደጋፊነት መቅጠር ሲጀምር፣ እርሳቸውም ተቀጠሩ፤ ቀድሞ አንሶላ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍልና የማይመሳሰሉ ወንበሮች ተሰጧቸው። ጠረጴዛ ቢመጣላቸው «ሐኪም ያስመስለኛል» ብለው መለሱት። የመጣውን ሰው ለምን እንደጠጣ ጠይቀው አያውቁም፤ «ዛሬ እዚህ ድረስ እንዴት መጣህ?» ይሉታል፤ ቁጣ ጠብቆ የመጣውም ሰው መንገዱን መተረክ ሲጀምር ሳያስበው ልቡን ይከፍት ነበር።

በሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱስ የተያዘች አንዲት ወጣት የፋርማሲ ባለሙያ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እርስዎ ጠጪ ነበሩ፤ ስለ እኔ ምን ያውቃሉ?» አለቻቸው። እርሳቸውም «ምንም አላውቅም፤ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሏት። ወንበሯን ወደ እርሳቸው አዞረች። እርሷም ድና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የደረሰባቸውን ነገር አባ እንዴት ራሳቸው ከማንም አልደበቁም። ለረጅም ጊዜ የደገፉት አንድ ቀለም ቀቢ ወደ መጠጥ ተመልሶ ሞተ። ከቀብሩ ሲወጡ እግራቸው በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት ወሰዳቸው፤ እጃቸውም የበሩን እጀታ ያዘ። በሌላው እጃቸው ለዚያች የፋርማሲ ባለሙያ ደወሉ።

«የት ነዎት?» አለቻቸው።

«በር ላይ።»

«ውስጥ ወይስ ውጭ?»

«ውጭ።»

«እንግዲያው እዚያው ይቁሙ፤ ስልኩንም እንዳይዘጉት።»

ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ስለ ሟቹ ምንም አላነሳችም፤ ክንዳቸውን ይዛ «አሳንሰር ገመዱ ቢበጠስ ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀቻቸው እንጂ። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ሲያስረዷት ሄዱ፤ ግማሹን እያለቀሱ።

በማግስቱ ለሕመምተኞቹ ሁሉንም ነገሯቸው። አንዱ ተቆጥቶ «እርስዎ እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን ተስፋ አለን?» ሲላቸው፣ «እኔም እዚያ በር ላይ እንደዚያው እያልኩ ነበር። አሁን እንዴት እንደደወልኩ ልንገራችሁ» ብለው ጀመሩ። ዛሬ ከዚያ ክፍል የሚወጣ ሕመምተኛ ሁሉ ሲጨንቀው የሚደውልለትን ሰው ሳይመርጥ አይወጣም።

የቀድሞው መጠጥ ጉበታቸውን ጎድቶት ኖሮ ባለፈው ዓመት ታመሙ። ሐኪማቸውን የጉበት ሥዕል አሥለው ሥራውን እንዲያስረዷቸው ካደረጉ በኋላ «ይህን ሁሉ እየሠራ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም» ብለው አስቀዋቸዋል። ሕመሙ እየጸና ሄዶ፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በማለዳ አረፉ።

አባ እንዴት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ ሌላ፣ ቤተሰቡ በስም የማያውቃችሁ፣ እርሳቸውም ምስጢራችሁን ጠብቀው ማንነታችሁን ሳይነግሩን የሄዱላችሁ፣ ዛሬ ከኋላ ቆማችሁ የምታለቅሱ አላችሁ። ማን እንደሆናችሁ አንጠይቃችሁም፤ ወደ ፊት መጥታችሁ ከልጆቻቸው ጎን ቁሙ፤ ኀዘኑ የእናንተም ነው። ከዚህ ስትወጡም ማናችሁም ብቻችሁን እንዳትሄዱ ባለቤታቸው ይለምኗችኋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።