በተከሳሹ ጀርባ ላይ

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ከሳሹን አዝሎ ችሎት የሚገባ ተከሳሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ታዝዬ ገብቻለሁ። እግሮቼ አይታዘዙኝም፤ የምሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ ሱቅ አለኝ። ጎረቤቴ ጋልጋሎ የዘይት ጀሪካኑን የሱቄ በር ላይ እየደረደረ መግቢያ ቢያሳጣኝ ከሰስኩት። በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ስደርስ ችሎቱ ለካ ፎቅ ላይ ነው! ዘበኛውን "ዳኛው ይውረዱልኝ" ስለው፣ "ዳኛ አይወርድም፤ ስምህ ሲጠራ ከሌለህ መዝገቡ ይዘጋል" አለኝ። ይኼኔ ጋልጋሎ መጣ። ዝም ብሎ ቢያልፈኝ ሳይከራከር ይረታኝ ነበር። እሱ ግን አጠገቤ ጎንበስ አለና፣ "ና ልዘልህ! አፍህን ሳትከፍት ብረታህ ገበያው ምን ይለኛል?" አለኝ። ደረጃውን ስንወጣ እኔ ጆሮው ላይ "በሬን ዘግተሃል!" እላለሁ፤ እሱ እያለከለከ "ወላሂ አልዘጋሁም!" ይላል።

እንደተጨቃጨቅን ገባን። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው "ከሳሹ የትኛው ነው?" አሉ። "ላይኛው ነኝ፣ ክቡር ዳኛ" አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋልጋሎ ግን አልሳቀም። "ክቡር ዳኛ፣ ተሸክሜው ስወጣ ነው የገባኝ። የሱቁን በር የዘጋሁበት እኔ ነኝ፤ ጀሪካኖቹን ዛሬውኑ አነሳለሁ። የእናንተን በርስ ማን ዘጋበት?" አላቸው። ዳኛው ፋይላቸውን ሰብስበው ተነሱና "የቀረውን ከታች፣ ዛፉ ሥር እንሰማለን" አሉ። ጋልጋሎ እንደገና አዘለኝ። ስንወርድ ዞር ብል፣ ዳኛው ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይከተሉናል።